የጎደሉት ሰባት ቅጾች

መርማሪዋ ትምህርት ቤቱ ስትደርስ የከሰዓቱ ፈረቃ ክፍል ገብቶ ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረው የአራት ሺህ ተማሪ እግር ያስነሣው አቧራ ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ይህ ሦስተኛ ሬሳዋ ነው። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። ባልደረቦቿ «ቆጣሪ» ይሏታል፤ እንደ መብራት ቆጣሪ ጥግ ይዛ ዝም ትልና መጨረሻ ላይ አንድም ሳታጎድል ታወጣዋለች ለማለት ነው።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ በጓሮው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው። ሆድ የባሰው ሁሉ እሱ ዘንድ ሄዶ ስለሚያወራ ተማሪዎቹ «ጆሮ» ይሉት ነበር። ደረቱና ፊቱ ላይ ወረቀት ተበትኗል። ከራሱ በላይ ባለው ደረጃ ላይ ባዶ ካርቶን ተደፍቷል።

«ካርቶኑን ይዞ ሲወርድ አዳልጦት ነው» አለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ እንደ ዜና አንባቢ የጠራ ሰው ነው። «ጉልበቱን ያመው ነበር። ተጠንቀቅ ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ።»

መርማሪዋ አንዱን ወረቀት አንስታ አየችው። ፊደሉን ለየችው እንጂ ቃሉ አልገባትም።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«የሐይቅ ማዶ ሰዎች ቋንቋ ነው፤ እኔ አላውቀውም። ለተማሪና ለወላጅ የተበተነ መጠይቅ ነው። ‹ትምህርት ቤታችን እንዴት ነው?› ብለን በስድስት ቋንቋ ጠይቀናል። አስተርጓሚዋ ትነግርዎታለች።»

ሬሳውን የሚያነሡት ሰዎች መጡ። መርማሪዋ ቀስ ብለው እንዲያነሡት ነግራቸው ከሥሩ ያለውን አየች። ሲሚንቶና ደም ብቻ ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ለጥቂት ጊዜ እግሯን አሸች።

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማለች።

«እትዬ፣ ሲወድቅ አልሰሙም?» አለቻት መርማሪዋ።

«ምኑን ልስማው የኔ እመቤት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ፈረቃ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ቤት ቢፈርስ አይሰማም።»

«ካርቶን ሲሸከም አይተውት ያውቃሉ?»

«በየትኛው ጉልበቱ? ደብተሩን እንኳ ተማሪዎች ናቸው የሚይዙለት።»

«ዛሬ የተጣላው ሰው አለ?»

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ጠዋት አንድ አባት መጥቶ ቢሮው ድረስ ወጥቶ ጮኾበታል። የሐይቅ ማዶ ሰው ነው። በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ ምን እንዳለ አልገባኝም። አስተርጓሚዋ ደግሞ የምትገባው ከሰዓት ነው። ጆሮ ምስኪኑ በምልክት ‹ቆይ፣ ታገሥ› ሲለው ነበር።»

የአማካሪው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጓሮው ደረጃ አጠገብ ነው። መደርደሪያው ላይ አምስት የመጠይቅ እስር በሲባጎ ታስረው ተደርድረዋል፤ ስድስተኛው ቦታ ባዶ ነው። መርማሪዋ አንዱን ገለጥ አድርጋ አነበበች። «ስለ ልጄ ማንም ጠርቶ አናግሮኝ አያውቅም፤ ይህ ወረቀት የመጀመሪያው ነው» ይላል አንዲት እናት የጻፉት። መልሳ አሠረችው። ልጇ ከራሱ ትምህርት ቤት ያመጣላት እንዲህ ያለ ወረቀት ሳትጽፍበት እቤቷ ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈ ወር ሊሞላው ነው።

ጠረጴዛው ላይ የአማካሪው ማስታወሻ ደብተር ተከፍቷል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አባት፣ አናጺ። ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች።» ቀጥሎ አንድ የባዕድ ቃል እንደተሰማ በፊደል ሰፍሯል፤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክትና «አስተርጓሚዋን ልጠይቅ» የሚል አለ።

ምክትሉን እዚያው ፎቅ ላይ በራሱ ቢሮ ውስጥ አገኘችው።

«ስድስት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የፈተና ፕሮግራም እያወጣሁ።»

«ሰው አይቶዎታል?»

«በፈረቃ ለውጥ ሰዓት ማን ማንን ያያል?»

«ጠዋት የጮኸው አባት ምን ሆኖ ነው?»

ምክትሉ በረጅሙ ተነፈሰ። «የተለመደው ነው። ልጄን ‹የአይጥ ሰርግ› ውስጥ ዘጋችሁባት ይላል። የስፖርት ዕቃ ስቶሩን ማለቱ ነው። ክፍል ውስጥ በየቋንቋቸው የሚያወሩ ተማሪዎች አሉ፤ ለትንሽ ደቂቃ ብቻቸውን ሆነው እንዲያስቡ እናደርጋለን። ለራሳቸው ነው። በዚያ ቋንቋ የት ይደርሳሉ?»

«አይደርሱም ይላሉ?»

«አይደርሱም» አለ፤ የጠረጴዛውን ወረቀት እያስተካከለ።

አስተርጓሚዋ ቀጭን ወጣት ሴት ናት። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። ከአማካሪው ጋር ትናንት መጣላቷን ሳትጠየቅ ራሷ ተናገረች።

«የምትተረጉሚውን ታለዝቢያለሽ አለኝ። እውነቱን ነው። መምህር ‹ልጅዎ ሰነፍ ናት› ሲል እኔ ‹ትንሽ እገዛ ትፈልጋለች› እላለሁ። ወላጁ ሲቆጣም እንደዚያው አለሳልሰዋለሁ። ሰው እንዳይጣላ ብዬ ነው፤ ግን ደከመኝ።»

«የሐይቅ ማዶውን እስር አንብበሽዋል?»

«ገና ነኝ። ዛሬ ማታ ቤቴ ወስጄ ልጀምር ነበር። ሊሰጠኝ ተነጋግረናል።»

ሁለቱ ሆነው ከደረጃው ላይ የተሰበሰቡትን ቅጾች ቆጠሩ። አማካሪው እያንዳንዱን ቁጥር መትቶበታል። ከአንድ እስከ መቶ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት፤ ከመካከል ከየቦታው ሰባት ጎድለዋል። በቁጥሩ ቅደም ተከተል ሲታይ ሁሉም ከተማሪዎች ቅጽ ነው። መርማሪዋ ደረጃውን፣ መተላለፊያውንና ግቢውን አስፈለገች፤ አንዱም አልተገኘም።

በመጨረሻ ከማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያንን የባዕድ ቃል አሳየቻት።

«የአይጥ ሰርግ ማለት ነው» አለች አስተርጓሚዋ። «ስቶሩ ነው። አይጥ ሲንጫጫበት ስለሚውል የእኛ ሰፈር ልጆች ያወጡለት ስም ነው። ሌላው ተማሪ ስቶር ነው የሚለው።»

መርማሪዋ የሰማችውን ጻፈች።

አናጺውን ያገኙት የግቢው በር ላይ ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ እንደሰካ ከዘበኛው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አስተርጓሚዋ እስክትገባ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ሲጠብቅ እንደነበር ዘበኛው መሰከረ። ማንበብ ይችል እንደሆነ ሲጠየቅ አናጺው አንገቱን ደፋ።

«ስሜን ብቻ ነው ይላል» አለች አስተርጓሚዋ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪዋ አራቱን ሰዎች መምህራን ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ይቅርታ ጠይቃ እሷም ተቀመጠች። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ደክሞኛል፤ ስለዚህ ባጭሩ ልናገር» አለች። «ሰው ካርቶን ይዞ ቢወድቅ፣ አንዳንዱ ወረቀት ከላዩ አንዳንዱ ከሥሩ ይሆናል። አማካሪው ሥር አንድም ወረቀት አልነበረም። ሁሉም ከላዩ ነው። ከወደቀ በኋላ ሰው በትኖበታል።»

የጽዳት ሠራተኛዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለምን ተበተነ? በሁለት ምክንያት። አንደኛው፣ አዳልጦት ወደቀ እንዲባል። ሁለተኛው፣ የጎደለ እንዳይታወቅ። ሰባት ቅጽ ጠፍቷል፤ አከታትሎ የተመዘዘ ቢሆን ሳያይ ያነሣ ሰው ነው እንል ነበር። ከየቦታው ነው የተለቀመው። የወሰደው ሰው እያነበበ ነው የመረጠው። ስለዚህ የምንፈልገው የሐይቅ ማዶን ቋንቋ የሚያነብ ሰው ነው።»

አስተርጓሚዋ ቀና አለች። «እኔ ነኝ እንግዲህ የማነበው።»

«አንቺ ማታ ቤትሽ ተቀምጠሽ የፈለግሽውን ማውጣት ትችይ ነበር። ለዚያ ሰው መግደል አያስፈልግሽም። ይህ ወንድማችን ደግሞ አያነብም፤ ከበሩም አልራቀም። እትዬ ቋንቋውን አይሰሙም።» መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች። «እርስዎ አላውቀውም ብለውኛል።»

«አላውቀውም።»

«አባትየው ጠዋት የጮኸው በራሱ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚዋ አልነበረችም። አማካሪው ቃሉ ስላልገባው ጽፎ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። እርስዎ ግን ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቅዎ ‹የአይጥ ሰርግ› አሉኝ። ማን ተረጎመልዎ?»

«ከተማሪዎች ሰምቼ ይሆናል።»

«ከየትኛው ተማሪ? በዚያ ቋንቋ ትንፍሽ ያለውን እኮ ስቶር ነው የሚያስገቡት።»

 ከመተላለፊያው የአንዲት መምህርት ድምፅ ይሰማል፤ ሰላሳ ልጅ እየተከተለ ይደግምላታል።

«እኔ የሚመስለኝን ልንገርዎ» አለች መርማሪዋ። «የአባትየውን ጩኸት ሲሰሙ ልጆቹ በቅጹ ላይ ምን ጽፈው እንደሚሆን ገባዎት። አማካሪው ምሳ ሲወጣ ቢሮው ገቡ። ሲመለስ ቁጭ ብለው ሲያነቡ አገኘዎት።»

«ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር» አለ ምክትሉ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ልጅ ሆኜም በዚያ ቋንቋ ሳነብ እንዲያ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ‹ለካ አንተም ከእነሱ ነህ› አለኝ። በክፉ አልነበረም ያለው። ለሰው ሊናገር ይመስለኛል፣ ወደ ደረጃው ሄደ። ተው ብዬ ያዝኩት። ሲያስለቅቀኝ ገፋሁት።»

እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደ። ፖሊሱ ተራመደ፤ መርማሪዋ ግን በዓይኗ አቆመችው። ምክትሉ ለአራት የታጠፉ ሰባት ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሽንት ቤት ገብቼ ልቀዳድዳቸው ነበር። አልቻልኩም። በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ካነበብኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።»

አስተርጓሚዋ አንዱን ገለጠችው፤ የአናጺው ልጅ የጻፈችው ነው። ሳታለዝብ ቃል በቃል አነበበችው። «‹በሩን ሲዘጋብን በእኛው ቋንቋ ነው የሚሳደበው። እናቴ ስትቆጣ የምትለውን ነው የሚለው። ለሌላ ሰው ግን አላውቀውም ይላል። እኔ በጣም የፈራሁት ጨለማውን አይደለም።›»

ምክትሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እንደኔ እንዳይሆኑ ብዬ ነው» አለ። «በቋንቋዬ ሲስቁብኝ ነው ያደግሁት። ቶሎ ቢተዉት ይሻላቸዋል ብዬ ነው።»

 አናጺው ከወንበሩ ተነሥቶ ምክትሉ ፊት ቆመና አጭር ጥያቄ ጠየቀው።

«‹የማን ልጅ ነህ?› ነው የሚለው» አለች አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ።

 ምክትሉ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የመንደሩን ስም ጠራ። ያ የዜና አንባቢ ድምፅ የለም፤ ቃላቱ ሻካራና ልጅነት ያለባቸው ነበሩ። አናጺው ሲሰማ ትከሻው ወደቀ። ፊቱን አተኩሮ አየና ጥቂት ቃል ተናገረ።

አስተርጓሚዋ አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ምን አለ?» አለች መርማሪዋ።

«‹አባትህን አውቃቸዋለሁ› ነው የሚለው። ‹በሕይወት አሉ። ልጄ ከተማ ገብቶ የትልቅ ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል ብለው ላገኙት ሰው ሁሉ ያወራሉ።›»

ምክትሉ ሁለት እጁን አቀረበ። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያስገባለት፣ አናጺው ፊቱን አዙሮ የልጁን ወረቀት ከአስተርጓሚዋ እጅ ተቀበለ። ማንበብ ስለማይችል አጣጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል መርማሪዋ ከለከለችው፤ ማስረጃ ነው። በአስተርጓሚዋ በኩል ይቅርታ ጠየቀችውና ወረቀቱን ወሰደች።