ግመሏ ያለችበት ገጽ

«ሠላሳ ስምንት?» አለ ባሮክ። «ሐሚ፣ እስቲ ደግመሽ እዪው።»

ሐመልማል ወረቀቱን ደግማ አየችው። የሞዴል ፈተናው ውጤት በማየት ብዛት የሚለወጥ አልነበረም። ኅብረተሰብ፣ ከመቶ ሠላሳ ስምንት። ባሮክ ባለፈው ሴሚስተር በዚሁ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ነው።

«ሠላሳ ስምንት ነው» አለችው።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ስለወረደ ሶዶ ቀዝቅዛለች። ባሮክ ነጭ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በጣቱ ይደባብሰዋል።

«ጭንቅላቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «ያነበብሽልኝን ሁሉ እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄዎቹ ሲነበቡልኝ ግን ግማሹን በሕይወቴ ሰምቼው የማውቅ አልመሰለኝም። ዓይኔ ቀድሞ ሄደ፤ አሁን ደግሞ ጭንቅላቴ ተከተለው።»

ቀልድ ሊያስመስለው ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም። ሐመልማል እዚያው «ጭንቅላትህ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረባት።

ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በብሬል ስላልደረሱ ባሮክ የሚማረው በጆሮው ነው። ሐመልማል በእናቷ ስልክ እያነበበች መቅዳት ስትጀምር የጠየቃት ሰው አልነበረም። ማንበብ ትወዳለች፤ የሚሰማት ሲገኝማ ይብስባታል። እንግሊዝኛውን ታነብና ከበድ ያለውን በአማርኛ፣ ካልሆነም በወላይትኛ ታስረዳዋለች። ሥዕል ሲመጣ ሥዕሉን ትነግረዋለች። የበረሃው ምዕራፍ ላይ የግመል ፎቶ ነበረ። «ባሮክ፣ ግመሏ ከንፈሯን እንዴት እንዳደረገችው ብታውቅ! ልክ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አርፋጅ ሲያዩ» ብላ ስትጨርስ ሳቋ አመለጣትና ቀረጻው ላይ ቀረ።

ወሬው ጋሽ ጀማለዲን ዘንድ የደረሰው በዚያ ሰሞን ነው። ጋሽ ጀማለዲን ገበያው ዳር ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚሸጡ ስልጤ ናቸው፤ ሟች እናታቸው ዓይነ ስውር ነበሩ። «የለፋ ሰው የድካሙን ማግኘት አለበት» ብለው በየምዕራፉ ሊከፍሏት ቃል ገቡ። ነጋዴ ናቸውና ያለ መለኪያ አይሆንላቸውም። ክፋት የሚባል ነገር አልነበረበትም። የሐመልማል እናት አያልነሽ ወገቧን ታማ የአትክልት ንግዷን ካቆመች ወዲህ ደግሞ ያ ብር ለቤቱ እንደ ዝናብ ነው የወረደለት።

መጀመሪያ የተዘለለችው ካርታ ናት። ካርታን በቃል ማስረዳት ጊዜ ይበላል፤ ክፍያው ያው ነው። ቀጥሎ ሠንጠረዦቹ ተዘለሉ፣ ሥዕሎቹም ተከተሉ። ማብራሪያው ቀረ። ከዚያ ረጃጅም አንቀጾች፣ በኋላም ገጾች እንዳሉ ይታለፉ ጀመር። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ደስ የሚላት ምዕራፉ ስላለቀ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ባሮክ ደግሞ ሐመልማልን መጠርጠር አያውቅበትም። ቢያውቅበትስ በምን ዓይኑ ያመሳክራል?

ይባስ ብሎ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ «ለስኬት የሚያተጋው ገንዘብ ነው ወይስ የውስጥ እርካታ?» የሚል ክርክር ተዘጋጅቶ ሐመልማል ለእርካታ ቆመች። ባሮክ እጁን አውጥቶ «እኔ ማስረጃ ነኝ፤ አንድም ብር ሳይከፈላት በፊት ታነብልኝ ነበር» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አሸነፈች። በማግስቱ ስለ ወንዞች የሚናገረውን ምዕራፍ ከግማሽ በላይ ዘላ ቀዳችለት።

«አባቴ ቅዳሜ ይመጣል» አለ ባሮክ አጥሩ ሥር። «ሞዴሉን ካላለፍክ ለሚኒስትሪ ብለን እዚህ ሶዶ የቤት ኪራይ አንከፍልም ብሎኛል። እኔም ደክሞኛል ሐሚ። አገሬ ተበላ፣ አባቴ ቤት ገብቼ እንደ አክስቴ ልጅ በር ላይ ቁጭ እላለሁ። እሱም አያይም፤ ጠዋት ያስቀምጡታል፣ ማታ ያስገቡታል።»

ሐመልማል የውጤት ወረቀቱን አጠፈችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለ ደግሞ። «ሲከፋኝ የድሮዎቹን ነው የምሰማው። ግመሏ ያለችበትን። እዚያ ላይ ትስቂያለሽ። በአዲሶቹ ላይ ግን ስቀሽ አታውቂም። አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ» አለች፤ ተነሥታም ወደ ቤቷ ሮጠች።

እናቷ አልጋው ላይ በጎኗ ተጋድማ ጎመን ትቀነጥባለች። ሐመልማል ሁሉንም ነገረቻት። አያልነሽ ጎመኑን አስቀመጠች።

«ጋሽ ጀማለዲን ሰምተዋል?»

«አልሰሙም።»

«እንግዲያው ተይው። አሁን ብትነግሪው የልጁ ውጤት ይመለሳል?»

«እማዬ፣ ጭንቅላቱ የከዳው መስሎታል እኮ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይጥራ። እስከዚያ እኛ ምን እንበላለን?» አያልነሽ ይህን ስትል ልጇን አላየቻትም። ሐመልማል በእናቷ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ብሩን ማን እንደበላው ስታስብ ግን ቁጣው እሷው ላይ ተመለሰባት። በብሩ የተገዛውን ዘይት እሷም በልታዋለች።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደች። የባሮክ አባት ጋሽ ቦልቴ የተጠቀለለ ፍራሽ ተሸክመው የተበላ ሚኒባስ አጠገብ ቆመዋል። ባሮክ የአባቱን ኮት ጫፍ ይዟል። እርምጃዋን ለይቶ «ሐሚ፣ ልትሸኚኝ መጣሽ?» ሲላት ደስ ብሎት ነበር።

«ባሮክ፣ ገጽ ዘልዬብሃለሁ።»

«ምን?»

«ካርታዎቹን፣ ሠንጠረዦቹን፣ ከዚያም ብዙ ገጽ። አንተ አልረሳህም። የረሳኸው ነገር የለም፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩልህ።»

ረዳቱ ከጎናቸው «ተበላ፣ ተበላ፣ አንድ ሰው!» ይላል። ባሮክ ፊቱን ወደ ድምጿ አዞረ።

«ለምን?»

«የሚከፈለኝ በምዕራፍ ነበር። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነው።»

«እኔ እኮ ክፍሉ ፊት መሰከርኩልሽ።»

«አውቃለሁ።»

ዘንጉን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መታ። ቀጥሎ ያለውን ሐመልማል ዕድሜዋን ሙሉ የምትረሳው አይመስላትም። ቀስ ብሎ፣ ለራሱ፣ «ስለዚህ ጭንቅላቴ ደህና ነው» አለ።

ወደ አባቱ ዞሮ በወላይትኛ ነገራቸው። ጋሽ ቦልቴ ፍራሹን ከትከሻቸው አወረዱ። አልጮኹም።

«አንቺ ጥሩ ልጅ ነው ብዬ ነበር» አሉ በተሰባበረ አማርኛ። «እኔ ልጄን ሰነፍ ብዬ ተቆጣሁት። ትናንት አለቀሰ።» ፍራሹን መልሰው አነሡ። «ቤቱን ለቀናል። ለፈተናው አመጣዋለሁ። እስከዚያ ማን ያነብለታል?»

ሐመልማል «እኔ» ማለት አቃታት። ባሮክ ደህና ሁኚ ሳይላት ገባ። ሚኒባሱ ሄደ።

ከመናኸሪያው በቀጥታ ጋሽ ጀማለዲን መደብር ሄዳ ለእሳቸውም ነገረቻቸው፤ ከእንግዲህ ብር እንደማትቀበልም ጨመረች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አንድ ጊዜ አዩዋትና ስኳራቸውን ወደ መመዘን ተመለሱ።

እሑድ ከሰዓት የኅብረተሰቡን መጽሐፍ ይዛ በር ላይ ተቀመጠች። የምትቀዳበትን ሚሞሪ ካርድ ሰኞ ለተበላው ሚኒባስ ረዳት ትሰጠዋለች፤ ባሮክ ሊሰማውም፣ ሳይከፍት ሊጥለውም ይችላል። እሷ የምታውቅበት መንገድ የለም። ውስጥ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ ስልኩን ስትጠይቃት አልከለከለቻትም፣ አልመረቀቻትምም። ምድጃው ላይ ያለው ጎመን ዘይት አልነካውም።

መጀመሪያ የዘለለችውን ገጽ ፈልጋ አገኘችው። መቅጃውን ተጫነች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ለመሳቅ አልሞከረችም፤ ውሸት እንደሚሆንባት ታውቃለች።

«ባሮክ» አለች። «ገጽ ስልሳ አንድ። ካርታ አለው። ቀኝ እጅህን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ። አውራ ጣትህ ያለበት ምዕራብ ነው። ቀስ ብለን እንሄዳለን።»