ከስም ወደ ስም የተሳበች መስመር

«ከዚህ ወሬ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ጭስ እንዳደረቀው ዓሣ ይድረቅ!» አለ ዎፋ ባዱ። ሲምል የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ኩማሲ ውስጥ ከእሱ የበለጠ የዶሮ መኖ የሚሸጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ ከእሱ የበለጠ የሚምል ግን ገና አልተወለደም።

ዎፋ፣ ማለትም አጎቴ፣ የምትለው የእህቱ ልጅ ሰርዋ ከኋላው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ቢሮ ይሉታል እንጂ ሁለት ፍየል የማያሳድር ሳጥን ነው። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። በሩን ደግሞ ዎፋ ባዱ ከነወንበሩ፣ ከነቦርጩ ዘግቶታል። መውጫ የለም።

ከበሩ ውጪ ማሜ ፖኩዋ ቆመዋል፤ የመጋዘን ሠራተኛው የክዋቤና አክስት። ውሃ ቀርቦላቸው ጠጥተዋል፤ የመጡበትን ተጠይቀው ተናግረዋል፤ ለክዋቤና ምሕረት ሊለምኑ ነው። ክዋቤና እንደ ምሕረት ለማኝ ወግ ነጠላ ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ የጋለ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል።

«ባዱ፣ ልጁን ከሥራ አታባርርብኝ» አሉ። «አጥፍቷል፣ ይክሳል።»

«አላጠፋሁም፣ ማሜ» አለ ክዋቤና።

«ዝም በል አንተ! አጥፍቻለሁ በልና እንጀራህ ይትረፍ።»

«እንዴት አላጠፋሁም ይላል?» ዎፋ ባዱ ወንበሩን ወደ ፊት ጎተተ። «ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር አንድ ጆንያ መኖ ለቤቱ ዶሮ እፈቅዳለሁ። እንደኔ ያለ ለጋስ አሠሪ በአገሩ አለ? ማን ከፈቃዴ በላይ እንደወሰደ ልወቅ ብል፣ ከአክራ የመጡ ሰባት አዋቂዎች ኮምፒውተሩን ከበው አቃታቸው! አንዱማ አለቀሰ። ይህቺ ልጅ ግን ጠቅ! አንዴ ብቻ ጠቅ! በክዋቤና ስም ሁለት መቶ ጆንያ ተግተልትሎ ወጣ!»

ከአክራ ማንም አልመጣም። ያለቀሰም የለም፤ ያለቀሰ ካለ የቢሮው ማራገቢያ ነው፣ ዘይት ስለሚያንሰው። ሁለት መቶው ደግሞ ቅዳሜ ዘጠና ነበር፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መቶ ሃምሳ ሆነ።

ግን ዘጠናውን ያወጣችው እሷ ናት።

ሥራው እንደ ሥዕል ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ አንዱ ሳጥን የሠራተኞችን ዝርዝር ይዟል፤ ሌላው ሳጥን ከመጋዘን የወጣውን መኖ ሁሉ፣ ደንበኛ የገዛውንም ሠራተኛ የወሰደውንም። በማውሱ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው መስመር ትስቢያለሽ፣ የምትፈልጊውን ትመርጫለሽ፣ ትጫኛለሽ፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አዛምዶ መልስ ያወርዳል። ሰርዋ መስመሯን የሳበችው ከስም ወደ ስም ነበር። ዎፋ ባዱ ትከሻዋን ይዞ «ፕሮፌሰሬ!» ሲል መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። ያኔውኑ ላፕቶፕ ሊገዛላት ማለ፤ ማታውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ላፕቶፑ ያወራ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ነው ከስሙ አጠገብ ያሉትን መለያ ቁጥሮች ያየቻቸው። አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። በዚህ አገር ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ሁሉ ክዋቤና ነው፤ መኖ ሊገዛ የመጣ ሰው ደግሞ የአባቱን ስም አይናገርም፣ ማንም አይጠይቀውም። ዳቦ ጋጋሪው ክዋቤና፣ ታክሲ ነጂው ክዋቤና፣ የገጠሩ ክዋቤና የገዙት ጆንያ ሁሉ በእሷ መስመር ላይ ተንሸራቶ እዚህ በባዶ እግሩ በቆመው ላይ ወድቋል። መስመሩን ሰርዛ ከቁጥር ወደ ቁጥር ሳበችው። ክዋቤና ከተቀጠረ ዘጠኝ ወሩ ነው። ዘጠኝ ጆንያ ወጣ።

ለዎፋ ልትነግረው ሞክራ ነበር። «ዎፋ፣ ያ ነገር...» ስትል «አጥሚትሽን ጠጪ፣ ፕሮፌሰሬ፣ አንጎል በባዶ ሆድ አይሠራም» ብሎ ወጣ። ለጓደኛዋ ለአሱ ብትጽፍላት ደግሞ መልሱ በደቂቃ መጣ፦ «አቦ ዝም በይ ባክሽ! መጀመሪያ ላፕቶፑን ተቀበዪ።»

ዝም ብላለች። ዝምታው ግን እየቆየ እንደዚህ ክፍል ግድግዳ እየጠበበባት ነው። ከተናገረች ዎፋ በሰፈሩ ሁሉ ፊት መሳቂያ ይሆናል፣ ፕሮፌሰርነቷም በዚያው አበቃ። ካልተናገረች...

«ልጄ፣ በለው እንጂ» አሉ ማሜ ፖኩዋ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «አጥፍቻለሁ በለው።»

ክዋቤና አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ተከፈተ። ሊለው ነው።

«ኧረ ካላመናችሁ ምስክር አለኝ!» ዎፋ ባዱ ዞር ሳይል አውራ ጣቱን ወደ ኋላ ቀሰረ። «ዓይኗ ያየ፣ እጇ የሠራ ምስክር! ንገሪያቸው፣ ሰርዋ። እንዳልኩት አልነበረም?»

ማራገቢያው ሲጥ አለ። ሰርዋ የኮምፒውተሩን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ አዞረችው።

«አልነበረም፣ ዎፋ» አለች ቀስ ብላ። «ክዋቤና የወሰደው ዘጠኝ ብቻ ነው። መስመሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከደጅ የተሰማው የክዋቤና ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር፤ አንደኛው፣ ቆይቶ ሁለተኛው፣ እግር ሲገባበት።