ፊታቸውን ያዞሩት ውሾች

ይህን ሳወራ የምትስቁ ትኖራላችሁ። ሳቁ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው...

እሑድ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ዴንማርክ፣ እዚሁ ሪቤ ከተማ። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ። ፀሐይ ነበረች።

እህቴ ሲኔ የባሏን ድምፅ ከሰማች ሳምንት አልፏታል። አንከር መርከበኛ ነው።

"ስልክ ላይ አፍጥጠሽ ከምትውዪ ነይ ፎቶ ላንሳሽ!" ብዬ ጎትቼ አወጣኋት።

በጠባቦቹ የድንጋይ መንገዶች ስንዞር ዋልን። ካቴድራሉ ሥር አነሳኋት፣ ወንዙ ዳር አነሳኋት።

"ፈገግ በይ እንጂ! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ያለሽው?"

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።

በመጨረሻ የራሷ ቤት ፊት ለፊት አቆምኳት። መስኮቱ ላይ ሁለት ነጭ የሸክላ ውሾች አሉ። የእኛ አገር የመርከበኛ ሚስት ባሏ ባሕር ላይ ሲሆን ውሾቹን ወደ መንገዱ ታዞራቸዋለች፤ ሲመለስ ደግሞ ወደ ቤት። የሲኔ ውሾች ወደ መንገዱ፣ ወደ እኛ ነበር የሚያዩት።

አነሳኋት።

ካሜራው ላይ ሳየው... ውሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተውናል።

ቀና አልኩ። መስኮቱ ላይ እንደነበሩ ናቸው፣ ያዩናል።

ደግሜ አነሳሁ። ጀርባቸው...

"ምን አየሽ?"

"ምንም... ደብዝዟል።"

"አምጪው ወዲህ!" ነጠቀችኝ።

ፊቷ በራ። "ዶርቴ... አንከር ገብቷል!"

"ቁልፉ አንቺ ኪስ ውስጥ አይደል? በየት ይገባል?"

"ውሾቹ አይዋሹም!"

ቦርሳዋን ጥላብኝ ሮጠች። ደርሼ በሩን ስገፋው ከውስጥ ተቆልፏል። መስኮቱን አየሁ... ውሾቹ አሁን በእውነትም ዞረዋል።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አነሳሁት።

"ከመርከቡ ድርጅት ነው... የአንከርን አስከሬን ዛሬ ጠዋት አገኘነው።"

በሩን ደበደብኩት።

"ሲኔ! ክፈቺ! እሱ አይደለም!"

ከበሩ ጀርባ በሹክሹክታ መለሰችልኝ።

"ዝም በይ... ገና አሁን እንቅልፍ ወሰደው። በርዶታል እኮ... እግሩን እያሞቅኩለት ነው።"

ፖሊስ በሩን ሲሰብር ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። አልጋው ላይ ሁለት ሰው የተኛበት ቦታ ጎድጉዷል፣ በጨው ውሃ ርሷል። ውሾቹ እንደገና ወደ መንገዱ ያያሉ።

እኔ ባል የለኝም፣ ውሾችም አልነበሩኝም። የሲኔን ወስጄ የራሴ መስኮት ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። እኔ ካልጠበቅኳት ማን ይጠብቃታል? ትናፍቀኛለች።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሳህን እያጠብኩ ቀና አልኩ...

ውሾቹ እኔን ያያሉ።

ፎቁ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ዶርቴ..." አለች፣ በዚያው ሹክሹክታ። "በርዶናል።"