አሥራ ሁለተኛው ስም

እውነት ነው። ማመን የሚያቅተው ካለ ከአሁኑ ይተወውና ወደ ሥራው ይሂድ፤ አልቀየምም።

አስፈሪ ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ «ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር» ብሎ ይጀምራል። የእኔ ሌሊት አይደለም። ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ... ጥላ ከእግር ሥር ገብቶ የሚጠፋበት ሰዓት።

ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው ዳር። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ፣ ጣሊያን ከተማችን ላይ የተቀመጠበት ጊዜ።

ታረቀኝ እባላለሁ። ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ። አሁን አርጅቻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጆሮዬ ግን ደህና ነው፤ ያን ጊዜም ደህና ነበር። ይህን ያዙልኝ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አሥራ አንድ ሰው በገበያ ቀን ተሰቀለ። «ለአርበኛ ስንቅ አቀብላችኋል» ተብለው ነው። አንዱ ታናሽ ወንድሜ ድረስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። መሮና መዶሻ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ከገበያተኛው መሃል እየጠቆመ ያወጣቸው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነው። ፍቅረ ሥላሴ ይባላል። ከሩቅ የመጣ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የሰፈራችን ልጅ ነው! እሱ፣ እኔና ድረስ ከመርጌታ አንሙት ዘንድ አብረን ፊደል ቆጥረናል።

በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት... «ይሄ... ይሄ... ይሄም።»

ሬሳቸውን በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። የት እንደጣሉት የሚያውቅ ጠፋ። ፍትሐት የለም። ለቅሶም ተከለከለ፤ ያለቀሰ ይታሰራል ተባለ።

እናቴ ጥሩነሽ ግን መከልከሉን ከቁብም አልቆጠረችው። ያላለቀሰችው በራሷ ምክንያት ነው።

«ልጄ የተጣለበትን ሳላውቅ እንባዬን ለማን ነው የማፈሰው?» አለች።

በእኛ አገር ሰው የተገደለበት ቦታ ላይ አላፊ አግዳሚው ድንጋይ ያኖርና «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል። እናቴ አንድ ድንጋይ መርጣ፣ አጥባ፣ ከራስጌዋ አስቀምጣ ነበር። ያጣችው የምታኖርበትን ቦታ ነው። ልጇ ያለበትን ሳታውቅ ከመሞት ሌላ ፍርሃት አልነበራትም።

ጥር ሲገባ እኔን ጠሩኝ።

የከተማው ጣሊያን ሹም ምሳውን በልቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚተኛ «እንቅልፋሙ» እንለው ነበር። አርበኞች አንድ መኮንን ገድለውበታል። ለሟቹ ሐውልት ትሠራለህ አለኝ። ከታች ካብ፣ ከላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ የሟቹ ስም በእነሱ ፊደል።

«አልሠራም ብለውስ?» አልኩት ፍቅረ ሥላሴን።

ቃሌን ለሹሙ አልተረጎመለትም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ታረቀኝ... አትሞኝ። እናት አለችህ» አለኝ።

መሠረቱን እንድቆፍር ያሳዩኝ ገበያው ዳር ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ቆፈርኩ። ጥቁሩ አፈር አለቀና ቀዩ ብቅ አለ።

አፈሩ ለስላሳ ነበር።

ቆፋሪ ያውቃል። ያልተነካ አፈር ይታገላል፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ይገባል። አንድ ክንድ ጨመርኩ።

ክር አየሁ... ጥቁር ክር። ማተብ። በማተቡ ላይ የአባታችን የናስ ቀለበት ታስሯል።

ድረስ።

ቀና ስል ፍቅረ ሥላሴ ከአፋፉ ላይ ቆሟል። አይቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሸፍነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ታውቅ ነበር?»

«ሸፍነው አልኩህ... ይሰማሉ።»

ገባችሁ? በካሚዮን አዙረው እዚሁ ቀብረዋቸዋል፤ ማንም ፈልጎ እንዳያገኛቸው፣ የራሳቸውን ሰው ሐውልት ሊጭኑባቸው ነው። የሚጭንባቸው ደግሞ እኔ፣ ወንድምየው! ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻላል፤ እጅ ያሠራል።

ካቡን ስሠራ መሃሉን ባዶ ተውኩት፤ ሌላ ሸክም እንዳልጨምርባቸው ብዬ ነው። ጠፍጣፋውን ድንጋይ ደግሞ ቀትር ላይ ብቻዬን ጠረብኩት። ቀትር ላይ እንቅልፋሙ ይተኛል፣ ወታደሩም ጥላ ይፈልጋል። የእኛ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ አይወጣም። ቀትር የማይታዩት መናፍስት ሰዓት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ፈርቻለሁ፤ አልዋሻችሁም። ግን ወጣሁ።

በላዩ የእነሱን ሰው ስም ከወረቀት እያየሁ ቀረጽኩ። በሥሩ... ወደ መሬት በሚዞረው ፊት፣ አሥራ አንዱን ስም በእኛ ፊደል ቀረጽኩ። የድረስን መጨረሻ። ፊደሉን በጭቃ ደፈንኩና ድንጋዩ ካቡ ላይ ተጫነ፣ ዙሪያውን በኖራ ታሰረ።

ከላይ የእነሱ። ከታች የእኛ። ቢገለበጥ ግን ቀጣዩ የሚሰቀለው እኔ ነኝ።

ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። ከማተቡ የፈታሁትን ቀለበት እጇ ላይ አኖርኩላት። ጭብጥ አደረገችውና ብድግ አለች።

በማግሥቱ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ያን ድንጋይ ይዛ በገበያው መሃል ለመሃል ሄደች። ከሐውልቱ ግርጌ አኖረችው። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ ያፈነችውን ለቀቀችው።

«ወይኔ ልጄ! ወይኔ ጎበዙ!»

ሰው ተሰበሰበ። ነገሩ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደ። የአሥራ አንዱ እናቶች፣ ሚስቶች፣ እህቶች ሁሉ መጡ። ከገበያው ማዶ ሱቅ ያላት መዲናም ሱቋን ዘግታ መጣች፤ ወንድሟ ሐምዱ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተከመረ።

እንቅልፋሙ ከእንቅልፉ ተነሥቶ እየሮጠ ደረሰ። ሸሚዙን እንኳ በቅጡ አልቆለፈም።

«ምንድነው ይሄ?»

ሁላችንም ፍቅረ ሥላሴን አየነው። እሱ እናቴን አየና ወደ ሹሙ ዞረ።

«ለሟቹ መኮንን ነው የሚያለቅሱት፣ ጌታዬ» አለ።

የሰውዬውን ደስታ ብታዩት! ፊቱ በራ። ማንም እንዳይነካቸው ብሎ አዘዘ። ስንት ሴት በነጠላዋ ሥር ሳቋን ከእንባዋ ጋር እንደዋጠች እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው የተከለከለውን ለቅሶ በጠላቱ ሐውልት ላይ፣ በጠላቱ ዘበኛ እየተጠበቀ አለቀሰ!

ግን...

በሳምንቱ አንድ ነገር አየሁ። ሰው ያኖራቸው ድንጋዮች ደረቅ ነበሩ። ከካቡ ጥግ ያሉት አሥራ አንዱ ግን እርጥብ ናቸው። ቀይ አፈር ይዘዋል።

ቀይ አፈር ያለው ከታች ነው። እኔ ነኝ የቆፈርኩት።

ጠራረግኳቸው። በማግሥቱ ቀትር እንደገና አሥራ አንድ... እንደገና እርጥብ።

ከዚያ ዘበኛው ቦታ ቀይሩልኝ ብሎ አመለከተ። ለምን ቢሉት፣ «ቀትር ላይ ከሥሬ ይንኳኳል» አለ። ሳቁበት።

እኔ አልሳቅሁም። ሄጄ ጆሮዬን ከድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ። ድንጋዩ በፀሐይ ግሏል፣ ጉንጬን ፈጀኝ።

ጠቅ... ጠቅ... ጧ።

ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ።

አንድ ጠራቢ የሌላውን ምት ያውቃል። ይሄ የእኔ ቤት ምት ነው። ድረስ ደግሞ የራሱ ልማድ ነበረው፤ ከከባዱ ምት በኋላ ያርፍና አቧራውን በአፉ ይነፋል። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ፣ ዓይንህ ይገባል እያልኩ።

ጠቅ... ጠቅ... ጧ።

እፍፍፍ...

 ቀና ስል ፍቅረ ሥላሴ ከአጠገቤ ቆሟል። ላብ በላብ ሆኗል።

«አንተም ሰማኸው?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ምንድነው የሚጽፈው?»

ይህን ሲለኝ ነው የደነገጥኩት። ይጽፋል ብዬ አልነገርኩትም።

ወሬው እንቅልፋሙ ጋ ደረሰ። እሱ የሙታን ነገር አይገባውም፤ አርበኞች ከሥር ጉድጓድ ቆፍረው ፈንጂ ሊቀብሩ ነው ብሎ አሰበ። «ድንጋዩ ይገልበጥ!» አለ። ቀኑ የገበያ ቀን፣ ሰዓቱ ስድስት። ዲጅኖውን ያስያዘው እኔኑ ነው።

ያን ቀን የሞትኩ መሰለኝ። ዲጅኖውን ይዤ ወደ ኋላ አልኩ። ሰው ሁሉ ከቦናል። እናቴ ከፊት ቆማለች።

«አንሣው፣ ልጄ» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። «አንሣው ይታይ። ምን አፍረት አለብን?»

አፈርኩ። ዲጅኖውን አስገባሁ። ኖራው ተሰነጠቀ፣ አራት ሰው ረዳኝና ድንጋዩ በጎኑ ቆመ።

ባዶ በተውኩት የካቡ መሃል ውስጥ ምንም የለም። አፈሩ አልተነካም። ፈንጂም፣ ዋሻም የለም።

ስሞቹ ግን ቁልጭ ብለዋል። የደፈንኩበት ጭቃ አንድም አልቀረ፤ ታጥቧል።

እንቅልፋሙ ፊደሉን አየ። «ምን ይላል?»

ፍቅረ ሥላሴ ቀረብ አለ። አንድ ቃል ብቻ ቢናገር አለቀልኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጸሎት ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ለሟቹ ነፍስ የሚባል ጸሎት። ላንብበው?»

«አንብበው!»

ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በአማርኛ፣ በገበያው ሙሉ አነበበው።

«እንዳላማው!»

«ነፍስ ይማር!» አለ ገበያው ሁሉ።

«ባዘዘው!»

«ነፍስ ይማር!»

«ሐምዱ!»

«ነፍስ ይማር!»

እንቅልፋሙ ምን አደረገ መሰላችሁ? ባርኔጣውን አወለቀ! የሰቀላቸው ሰውዬ ራሱ፣ ራሱን ገልጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመላቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«ድረስ!»

«ነፍስ ይማር!» እናቴ ከሁሉም በላይ ጮኸች።

አለቀ ብለን ነበር። ፍቅረ ሥላሴ ግን ዓይኑን ከድንጋዩ አልነቀለም። ከድረስ ስም በታች እያየ ነው። 

እኔም አየሁ።

አሥራ ሁለተኛ ስም።

እኔ ያልቀረጽኩት። ጠርዙ ላይ ነጭ አቧራ ገና አለ። ፊደሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ መርጌታ አንሙት ድረስን በአርጩሜ ይገርፉበት የነበረው ያዘነበለ ፊደል ነው።

«ፍቅረ ሥላሴ» ይላል።

ድንጋዩን መለስነው። በኖራ አሰርኩት። ሰው ሲበተን ፍቅረ ሥላሴ ክንዴን ያዘኝ። እጁ በረዶ ነው፣ በዚያ ፀሐይ።

«ፋቀው» አለኝ።

«እኔ አልጻፍኩትም።»

«አውቃለሁ... ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ፋቅልኝ፣ ታረቀኝ። ዛሬ አድኜህ የለ?»

አድኖኛል። ሐቅ ነው፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቢሆንም እንዲህ አልኩት።

«ጣሊያን ፋቅ ቢለኝ የአሥራ አንዱን አልፍቅም ነበር። አንተ ስላልክም ያንተን አልፍቅም።»

ክንዴን ለቀቀኝ። ከዚያ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ዘበኛው ቀትር ላይ ወደ ሐውልቱ ሲመጣ አይቶታል፤ ሲመለስ ያየው የለም። ድንጋዩ ላይ የፍቅረ ሥላሴ ባርኔጣ ብቻ ተቀምጦ ተገኘ። ኖራው አልተነካም፣ እኔ ራሴ ዞሬ አይቻለሁ። እንቅልፋሙ «ወደ ሽፍቶቹ ኮበለለ» ብሎ ተራገመ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሥር የሚንኳኳ ነገር አልተሰማም።

ጣሊያን በሠላሳ ሦስት ወጣ። እናቴ ቀኑን ደረሰችበት። ድንጋዩን ገለበጥነው፤ የእኛው ስም ወደ ሰማይ፣ የመኮንኑ ወደ መሬት። ከዚያ አጽማቸውን ወደየእምነታቸው መቃብር ልንወስድ ቆፈርን።

መርጌታ አንሙት እየቆጠሩ ተቀበሉን። አሥራ አንድ። ድረስን በጥርሱ ለየሁት።

«ይበቃል» አሉ መርጌታ።

«አይበቃም» አለች እናቴ። «ቆፍር።»

«እምዬ፣ ከዚህ በታች ያልተነካ አፈር ነው። ለዲጅኖ እንኳ አይበገርም።»

«ቆፍር አልኩህ።»

ቆፈርኩ። አፈሩ ታገለኝ። እጄ ደማ። ከአሥራ አንዱ በታች፣ ማንም ነክቶት በማያውቅ ደረቅ ምድር ውስጥ... የጫማ ሶል አየሁ። ጣሊያን ለአስተርጓሚዎቹ የሚያድለው ጫማ ነው።

ከእነሱ በታች ነው ያለው። እነሱ ቀድመው ተቀብረው፣ እሱ ከሥራቸው።

አፈሩን በእጄ ጠረግኩለት። በጀርባው ተኝቷል። ግራ እጁ ከጎኑ ነው። የቀኙ አራት ጣቶች ታጥፈዋል።

አንዷ ጣት ተዘርግታለች። ወደ ገዛ ደረቱ ትጠቁማለች።