ግንዱ ውስጥ ያለው ወንድሜ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

«አሮጊቷ ጃጅታለች» የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ፣ አልቀየማችሁም። ስልኩ ላይ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷም ገና ከአሁኑ «እውነት ግን?» እያለች ታስቸግረኛለች።

እውነት ነው።

ዘመኑ የጣሊያን ጊዜ፣ 1930 ዓ.ም. ነው። ወሩ ጥቅምት። ቦታው ከቀራንዮ ወዲያ፣ ዛሬ ዓለም ባንክ የምትሉት ሰፈር። ያኔ ጫካ ነበር።

እኔ ጉዲቱ እባላለሁ። አባቴ ዳባ የጫካ ማር ቆራጭ ነበር። ግን ብቻውን አልነበረም የሚሠራው። ከወፍ ጋር ነበር።

ማር መሪ የምትባል ትንሽ አመድማ ወፍ አለች። ንብ ያለበትን ዛፍ ታውቃለች፣ ንቡን ግን ትፈራለች። ሰው ደግሞ ጭስ አለው፣ ዛፉን አያውቅም። ስለዚህ እየጮኸች፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ትመራዋለች። እሱ ማሩን ይወስዳል፣ ለእሷ ሰፈፉን፣ የማሩን ሰም፣ ድንጋይ ላይ ይተውላታል። ሰፈፍ ነው የምትበላው።

«ድርሻዋን እንዳትነኩ» ይለን ነበር አባቴ። «ለእኛ ባልንጀራ ናት። ለሌላው ግን አይደለችም። እንቁላሏን የሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች። የእሷ ጫጩት ሲፈለፈል የቤቱን ልጆች ነክሶ ይገድላል። የሞቱት እናት ደግሞ ገዳዩን ልጄ ብላ ታበላዋለች።»

አባቴ ጣሊያን ሳይገባ ሞተ። ወንድሜ ነገሬ ሥራውን ተረከበ። ከዚያ ወታደሮች ሰፈሩን እየዞሩ ጎረምሳ መልቀም ሲጀምሩ ጫካ ገባ።

ወሬው ጠፋ።

እናቴ ዱሬቲ እንቅልፍ አጣች። ከልጄ በሰላም ብታገናኘኝ ብላ ለመድኃኔዓለም ጧፍ ተሳለች። ሰም ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ እኔን ይዛ ወፏን ተከትላ ማር ቆረጠች። ሰፈፉን በሙሉ በነጠላዋ ቋጠረችው።

«እማዬ... የወፏስ?»

«ለነገሬ ነው። እግዜር ያውቅልኛል።»

ድንጋዩን ባዶውን ትተነው ሄድን። ጧፉ ተሠራ፣ ስለቱም ገባ።

በማግስቱ ወፏ ደጃችን ድረስ መጣች። እንደዚያ ተጠግታ አታውቅም። በራፉ ላይ ቆማ ጮኸች... ጮኸች... እናቴ ተነሥታ ተከተለቻት።

ስትመለስ እያለቀሰች ነበር። አፌን በእጇ ያዘችው።

«ዝም በይ... ነገሬን አገኘሁት።»

«የት?»

«ትልቁ ወይራ ግንድ ውስጥ። ቆስሏል። መውጣት አይችልም። ለማንም እንዳትተነፍሺ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂጣና በሶ እየያዝን እንሄድ ጀመር። ወይራው ዕድሜ የጠገበ ነው፣ ግንዱ ክፍት ሆኖ ውስጡ ጨለማ። እናቴ ትቀርባለች። እጅ ይወጣል። ምግቡን ይዞ ይመለሳል። እኔ ወታደር እንዳይመጣብን መንገዱን እጠብቃለሁ።

«ጨምሪ» ይላል በሹክሹክታ። የነገሬ ድምፅ ነበር።

ሌላ ቃል የለም። «እንዴት ናችሁ» የለም። «ጉዲቱ» የለም።

«ጨምሪ...»

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ቆይቶ ግን አንዳንድ ነገር ከነከነኝ።

የወደቀውን ፍርፋሪ ጉንዳን አይነካውም። በዚያ ጫካ ጉንዳን የማይነካው ነገር የለም።

ወይራው ላይ አንድም ወፍ አያርፍም። ከማር መሪዋ በቀር። እሷ ከላይ ሆና ዝም ብላ ታየናለች።

የቆሰለ ሰው ይሸታል። ግንዱ ግን እርጥብ አፈር ብቻ ነበር የሚሸተው።

እህላችን አለቀ። እናቴ የራሷን ድርሻ ሁሉ እየሰጠችው ጉንጯ ገባ፣ ስትራመድ ዛፍ መደገፍ ጀመረች። እናቴ ዓይኔ እያየ እየሞተችብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቤት የቀረው አንዲት ቂጣ ብቻ ሆነ። እሷ ያችኑ ይዛ ወጣች። እኔ ማር ባገኝ ብዬ በሌላ በኩል ጫካ ገባሁ። ወፏ ወዲያው መጣች። ተከተልኳት።

ወንዙ ዳር፣ ገደሉ ሥር ስትደርስ ጩኸቷን አቆመች።

ንብ አልነበረም።

ሰው ነበር። የከረመ... አጥንት ብቻ። ላዩ ላይ ያለው እጀ ጠባብ ግን በእናቴ እጅ የተጣፈ ነው። ስፌቷን አውቀዋለሁ።

ግራ እጁን አየሁ። ነገሬ ልጅ ሳለ መጥረቢያ ትንሿን ጣቱን ወስዶበታል። የዚህም ሰው አራት ነው ጣቱ።

«ወንድሜ» ብዬ መሬቱ ላይ ወደቅሁ። ለቅሶዬን ሳልጨርስ ግን አንድ ነገር መጣብኝ...

ታዲያ ከእናቴ እጅ የሚበላው ማነው?

ሮጥኩ። እሾሁ እግሬን ሲቀደው አልተሰማኝም። ስደርስ እናቴ ግንዱ አጠገብ ተንበርክካለች፣ ቂጣዋን ይዛለች። እጁ ወጥቷል። ግራ እጅ ነው። ወፍራም፣ ልስልስ ያለ፣ እንደ ሕፃን እጅ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብዬ አየሁት። አምስት ጣት።

«እማዬ...» አልኩ በሹክሹክታ። «ነይ። ቀስ ብለሽ ተነሺ። ነገሬን አግኝቼዋለሁ... ሞቷል። ይሄ እሱ አይደለም።»

ዞር አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ጣቱን የመጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን...?»

«በነገሬ ድምፅ ይለምነኛላ፣ ልጄ። በነገሬ ድምፅ ጨምሪ ሲለኝ ምን ላድርግ?»

አለቀስኩ። እግሯ ሥር ወድቄ ነጠላዋን ጨመደድኩት። ወንድሜን አጥቻለሁ፣ አንቺን ግን አልሰጥም አልኳት። እኔ አለሁልሽ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ፣ ቤታችን እንሂድ አልኳት።

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። በቅጡ ካየችኝ ስንት ጊዜዋ፣ ያን ቀን ግን አየችኝ። እጇ ወደ ራሴ መጣ፣ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ልትነሣ አንድ ጉልበቷን አነሣች።

ያኔ ግንዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«እማዬ...»

የነገሬ ድምፅ አልነበረም።

«እማዬ... ጉዲቱ ነኝ። ራበኝ።»

የእኔ ድምፅ ነበር።

እናቴ እኔን አየችኝ። ግንዱን አየች። እንደገና እኔን አየችኝ፣ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ።

ከዚያ ቂጣውን ቆርሳ እጇን ዘረጋች።

ወደ እኔ አልነበረም።