ያልተጠየቀው ጩኸት

«ቁረጥ!» አለ አዘጋጁ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀጮ የአባቷን ሞት የተረዳች ልጅ ሆና የጮኸችው ጩኸት የሁሉንም አንጀት በልቶታል። ካሜራ ያዡ እንኳ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

«ድምፅስ?» ሲል አዘጋጁ ወደ ጆሮ ዞረ። የትምህርት ቤቱ ፊልም ክበብ ድምፅ ቀጂ ስለሆነች ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚሏት።

«ንጹህ ነው» አለች። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም።

ንጹህ አልነበረም። ቀጮ ስትጮህ ድምፅ ከልክ ማለፉን የሚያስጠነቅቀው የመቅጃው ቀይ መብራት በርቷል፤ በማዳመጫው የመጣላትም እንደ ጨርቅ የተቀደደ ድምፅ ነው። በልምምዱ ጊዜ ቀጮ ጉሮሮዋን ለመቆጠብ ብላ በሹክሹክታ ነበር የተወነችው። ደህና ቀጂ እንዲህ ሲሆን «እስቲ አንዴ በሙሉ ድምፅሽ ጩሂልኝ» ትልና በዚያው ልክ የመቅጃውን የድምፅ መጠን ዝቅ ታደርጋለች። ጆሮ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ለመጠየቅ ግን መነጋገር ያስፈልጋል፤ እሷና ቀጮ ደግሞ ከተኮራረፉ አራተኛ ቀናቸው ነው። ያውም ቀጮ ክፍል ውስጥ በጆሮ ቦታ አጠገቧ ሌላ ልጅ አስቀመጠች ተብሎ!

ከእረፍት በኋላ አዘጋጁ የተቀዳውን ከፍቶ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቀጮ፣ ምን ነካሽ? ማይኩን እኮ ቀደድሽው! ትንሽ ቀነስ አታደርጊም?»

«ይቅርታ፣ አልታወቀኝም። እደግመዋለሁ» አለች ቀጮ። ድምጿ ሻክሯል። ለብ ያለ ውሃ ተጎነጨችና ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። ነገ ለሙዚቃ ክበብ ለብቻዋ ዘፍና ትፈተናለች፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ቀን ነው።

ጆሮ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። መጠኑን በስውር ዝቅ ብታደርገው ሁለተኛው ቅጂ ያምራል፣ ጥፋቱም የቀጮ ሆኖ ይቀራል። የቀጮ «ይቅርታ» ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለ። እንዴት ያለሁ ክፉ ነኝ፣ አለች በልቧ።

«ዝግጁ!» አለ አዘጋጁ።

ማዳመጫውን አወለቀች። «ቆይ። ጥፋቱ የሷ አይደለም። መጠኑን ያላስተካከልኩት እኔ ነኝ። ቀዩ መብራት ሲበራ እያየሁ ነው ንጹህ ነው ያልኩት።»

«ምን?» አዘጋጁ ጮኸ። «ታዲያ አሁን ምን ይሁን?»

«ቀጮ ዛሬ አትጩህ። ከፈተናዋ በኋላ እንቅዳው።»

«ክፍሉን የፈቀዱልን እኮ ለዛሬ ብቻ ነው!»

«ርዕሰ መምህሯን እኔ እለምናቸዋለሁ። ምክንያቱንም እነግራቸዋለሁ።»

ቀጮ እጇን ከጉሮሮዋ አውርዳ አየቻት። ጆሮ ግን መልሷን አልጠበቀችም፤ መቅጃውን አጥፍታ ወደ ቢሮው የሚወስደውን ደረጃ መውረድ ጀመረች።