ጫጫታ ብዬ የደበቅኩት መስመር

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ይህን የምጽፍበት አውራ ጣቴ ይድረቅ።

የሚያውቁኝ ሰዎች አሁን እየሳቁ እንደሆነ አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። ዛፍ ላይ ዓሣ አየሁ ብዬ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ ያስወጣሁ ሰው ነኝ።

ይሄ ግን ሆኗል... በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ደግሞ በጨለማ እንዳይመስላችሁ። ቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ጠረጴዛውን ያነደዋል።

ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ሱቃችን ሁለት ወንበር ከገባበት ለሦስተኛ ቦታ የለውም። አብሮኝ የሚሠራው ኢንጂነር የምንለው ጓደኛዬ ነው። ኢንጂነር ትምህርቱን የተወው ከስምንተኛ ክፍል ነው። እኔ ከዘጠነኛ። ስለዚህ ምሁሩ እኔ ነኝ። የእሱ ወንበር ከኔ በስተግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው ያለው።

በሩን ገፍታ የገባችው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ነበረች። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ጫጩት እንደያዘ ሰው።

የእናቷ ስልክ ነው። እናቷ ካረፉ ስድስት ሳምንታቸው። ስልኩ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን እያጠፋ ይነሳል፣ ከቀን ወደ ቀንም ብሶበታል። ውስጡ እናትየው ሳያውቁ የቀዱት ድምፅ አለ። አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ ነው። ሌላ የእናቷ ድምፅ የትም የለም።

ፎቶውም ምኑም ይቅርብኝ አለችኝ። ስልኩ ሳይሞት ድምጿን ብቻ አውጣልኝ።

ቀላል ነው አልኳት። ቀላል ነው ማለት ልማዴ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ... ስልክ ለፍላፊ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሲመስላችሁ ለራሱ ያወራል። ስክሪን በራ፣ ስክሪን ጠፋ፣ ባትሪ ጋለ። ይህን ወሬውን የሚያሳይ ፕሮግራም አለን። ገመድ እንሰካለን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር መስኮት እንከፍታለን፣ ትእዛዝ እንጽፋለን፣ ወሬው በየመስመሩ ይወርዳል። ጎርፍ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ አለው። አንድ ቃል ስንጽፍ ያ ቃል ያለበት መስመር ብቻ ይቀራል። ከቃሉ ፊት የመቀነስ ምልክት ካደረግን ደግሞ እሱ ያለበት ሁሉ ይደበቃል።

የሱቃችን ደንብ አንድ ነው። የሚደጋገም ነገር ጫጫታ ነው፣ ይደበቅ።

ሰካሁት።

ስክሪን ተነካ። ስክሪን ተነካ። ስክሪን ተነካ...

ሌላ መስመር ማየት አልቻልኩም።

ከግራ ጆሮዬ ሥር ሹክሹክታ መጣ።

"ደብቀው።"

ኢንጂነር ነዋ። ዓይኔን ከመስኮቱ ሳላነሳ ደበቅኩት።

መስኮቱ ጸጥ አለ።

ድምፁን መገልበጥ ጀመርኩ። ግማሽ ሲደርስ ስልኩ ጠፋ። ተነሳ። እንደገና ጀመርኩ። ጠፋ። በሦስተኛው ጀርባው እንደ ካውያ ጋለ። የሚያጠፋውን ነገር መስኮቱ ላይ ፈለግኩ... ምንም የለም።

ልብስ ሰፊዋ ቅድም የደበቅከው ምንድን ነው አለችኝ። የማይረባ ነው አልኳት። የተጎዳ ስክሪን አንዳንዴ ራሱን በራሱ ይነካል፣ እኛ አብዷል እንለዋለን።

"የማይረባ ከሆነ አሳየኝ።"

ማጣሪያውን አነሳሁት።

ስልኩ ጠረጴዛው መሃል በጀርባው ተኝቷል። ማንም እጁን አላስጠጋም። መስመሩ ግን ይወርዳል።

ስክሪን ተነካ...

ያበደ ስክሪን ያገኘውን ቦታ ነው የሚደበድበው። ይሄ ግን ይረጋጋል። አንዴ ይነካል፣ ያርፋል። ሌላ ቦታ ይነካል፣ ያርፋል። የተነካበት ቦታ ከጎኑ ይጻፋል፣ ቦታው ደግሞ የቁጥር ሰሌዳው ነው። አሥር ቁጥር። ከዚያ አረንጓዴዋ ቁልፍ።

ከዚያ በዚያው መስመር ጫፍ እንዲህ ይላል... ሲም የለም፣ ጥሪው አልተሳካም።

ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

የጥሪ መዝገቡን አየሁት፣ ከጠዋት ጀምሮ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ።

እኔና ኢንጂነር ስንሞኛኝ ነው የምንውለው። "ተው እንግዲህ አንተ" አልኩ ወደ ግራ፣ ሳልዞር።



ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። አራተኛው ላይ አምስት ተነክቷል፣ ተሰርዟል፣ ከዚያ ስምንት። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛውን ያዘች።

"ሁልጊዜ እዚያ ላይ ትሳሳታለች" አለች ቀስ ብላ። "ስምንትን ስትፈልግ ከበላይዋ ያለችውን አምስትን ትነካለች... የኔ ቁጥር ነው።"

ሲሙን መቼ እንዳወጣችው ጠየቅኳት። ከቀብር የተመለስን ዕለት አለች። ስልኩም እየጠፋ ያስቸገራት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከመርፌ ማስቀመጫዋ ውስጥ ሲሙን አወጣች።

"አታስገቢው በላት።" ሹክሹክታው ነው። አሁን ቀረብ ብሏል።

ነገሩ እውነት ስለነበረ ነገርኳት። ሲም ከገባ ስልኩ ይብስ ይግላል። ከሞተ የተቀዳው ድምፅ አብሮት ይሄዳል፣ ሌላ ደግሞ የለሽም እህቴ፣ አልኳት።

"ወንድሜ" አለች፣ "ሁለት መቶ ጊዜ ስትደውል አላነሳሁላትም እኮ።"

ራሷ አስገባችው።

ስክሪን ተነካ... ተነካ... ተነካ... አምስት። ተሰረዘ። ስምንት።

አረንጓዴዋ ቁልፍ።

የሽርጧ ኪስ ውስጥ ያለው ስልኳ ጮኸ።

ጥሪው ተነሳ፣ አለ መስኮቱ። አንድ ሰከንድ። ሁለት።

"አቤት እማዬ..."

"ደህና ነኝ..."

"ማዶ፣ ስልክ ጠጋኙ ጋ..."

ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ሰማች። ፊቷ ላይ የነበረው ልስላሴ ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁት።

"ሁለት ናቸው?" አለች።

እኔና ኢንጂነር ሁለት ነን፣ ይሄ ምኑ ያስጠይቃል ትሉ ይሆናል።

በአሥራ አንደኛው ሰከንድ የእናትየው ስልክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልተነሳም። የተቀዳው ድምፅም አብሮት ሄደ።

አላለቀሰችም። ስልኩን ከገመዱ ነቅላ ደረቷ ላይ አስጠጋችውና ወደ በሩ ሄደች... ፊቷን ሳታዞር፣ ወደ ኋላዋ እየረገጠች። ዓይኗ እኔን አያይም ነበር። ከግራ ትከሻዬ ትንሽ ወደ ኋላ ነበር የሚያየው።

ይኸው ነው። ምዬላችሁ የለ፣ አንድ ከጨመርኩት ነገር በቀር ሁሉም እውነት ነው።

የጨመርኩት ኢንጂነርን ነው። ጓደኛዬ መሆኑ እውነት ነው፣ ወንበሩም አለ። በዚያ ቀን ግን አሞት ቤቱ ተኝቶ ነበር። ብቻዬን ሆኜ መጻፉ ስለከበደኝ ነው አምጥቼ ያስቀመጥኩት።

ሹክሹክታውን ግን አልጨመርኩም።